ሁለቱን "ሄይ" ካንጂዎች ላለማምታታት

ጃፓንኛ የምትማሩ፣ ሄይ ተብለው የሚነበቡት የገንዘቡ (幣) እና የጉዳቱ (弊) ካንጂ (ከቻይና የመጡት የጃፓንኛ ፊደላት) ከተምታቱባችሁ ላዩን ማፍጠጥ ተዉት፣ ሁለቱም 15 ጭረት ናቸው፣ የላይኛው 12 አንድ አይነት ነው። ታች ብቻ እዩ። ታቹ ክፍት የሆነ ሳጥን መሃሉን ቋሚ መስመር ሰንጥቆት ካለፈ እሱ የጨርቅ ምልክት ነው፣ ስለዚህ የገንዘቡ ነው፣ ካሄይ (ገንዘብ)፣ ሺሄይ (የወረቀት ገንዘብ) ላይ ያለው። አንድ አግድም መስመር በሁለት ቋሚ ከተቋረጠ ግን የጉዳቱ ነው፣ ሄይጋይ (ጉዳት) ላይ የምታገኙት።

ጨርቅ ከገንዘብ ምን አገናኘው ካላችሁ፣ ድሮ ጨርቅ ውድ ስለነበር ለሺንቶ (የጃፓን ባህላዊ ሃይማኖት) አማልክት ስጦታ ይቀርብ ነበር፣ እንደ ገንዘብም ይገበያዩበት ነበር። በጣም የምወደው ነገር ደግሞ ያ ትርጉም ዛሬም አለመጥፋቱ ነው፣ ሺንቶ መቅደስ ስትገቡ የምታዩት ዚግዛግ ነጭ ወረቀት የተንጠለጠለበት ዱላ ጎሄይ ይባላል፣ በዚሁ ካንጂ ነው የሚጻፈው፣ በ1871 ኦሳካ የተከፈተው የሳንቲም ማምረቻ ዞሄይኪዮኩም እንደዛው።

ብቻ መቅደስ ሳጥን ውስጥ የሚወረወረውን ሳንቲም በዚህ እንዳትጽፉት፣ እሱ ሳይሴን ነው፣ ካንጂውም ሌላ። ሱቅ ውስጥም ሺሄይ አትበሉ፣ ሰዉ የሚለው ኦሳትሱ ነው።