የቻይና ቴምብር ላይ የተደረበው ጽሁፍ የየት ነው? (ችግርና መፍትሄ)

አመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

ሁለት ቴምብር አንድ አይነት ነው፣ ግን አንዱ ላይ አምስት ፊደል ተደርቧል፣ ዋጋው ግን አልተነካም

ምክንያቱ ብር ነው። ያኔ የቻይና ክፍለ ሀገሮች የየራሳቸው ገንዘብ ነበራቸው፣ የአንዳንዱ ደግሞ ረክሶ ነበር፣ ስለዚህ በርካሹ ብር ሺንጂያንግ ላይ ቴምብር ገዝቶ ሻንጋይ ወስዶ የሚቸበችብ እንዳይኖር ፖስታ ቤቱ "እዚህ ክፍለ ሀገር ብቻ ይለጠፍ" ብሎ አተመበት። ሺንጂያንግ በ1915 ጀመረ፣ ዩናን በ1926፣ ጂሊንና ሄይሎንግጂያንግ በ1927፣ ሲቹዋን በ1933።

መፍትሄው፦ ቻይንኛ መማር አያስፈልግም ባክህ። የመጀመሪያውና የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ሁሉም ላይ ያው ናቸው፣ መሀል ያሉትን ሁለቱን ብቻ እይ። ሶስት የቆሙ መስመሮች ጎን ለጎን ካየህ ሲቹዋን ነው፣ ከስሩ አራት ነጥብ የተደረደረበት ካለ የጂሊንና ሄይሎንግጂያንግ ነው። የሚያስቸግሩት ሺንጂያንግና ዩናን ናቸው፣ ከመሀሎቹ ሁለተኛው ፊደል አንድ ስለሆነ፤ ከሱ የሚቀድመው ግራው ላይ ሶስት ጠብታ ካለው ዩናን ነው። ጽሁፉ አግድም ከሆነ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው፣ እኔ ሳምንት ሙሉ ከግራ እያነበብኩ ካታሎጉን ስረግም ነበር።

ፊደሉ ሁለት ብቻ ነው

ይሄ የጃፓን ወረራ ጊዜ ነው፣ 1941፣ ሰሜን ቻይና። ሄናን፣ ሄበይ፣ ሻንሺ፣ ሻንዶንግ፣ ሱበይ፣ ሜንግጂያንግ የየራሳቸው አላቸው። ከሁለቱ አንዱ ቁልጭ ያለ ሹካ ከመሰለ ከሻንሺና ከሻንዶንግ አንዱ ነው፣ ሹካው "ተራራ" ማለት ነው። ያንኑ ጽሁፍ በትልቅና በትንሽ ፊደል አትመውታል፣ ዋጋቸውም ስለሚለያይ በአይን ግምት አትመን፣ በማስመሪያ ለካ።

የ20 ሳንቲም ቴምብር ላይ ስንት ሺ የሚል ቁጥር አለ

የኑሮ ውድነት ነው እንጂ ስህተት አይደለም። ነሐሴ 1948 አንድ የወርቅ ዩዋን በ3 ሚሊዮን የድሮ ብር ተቀየረ፣ አመት ሳይሞላ እሱም ወድቆ የብር (የማዕድኑ ብር) ዩዋን መጣ።

እውነተኛ ነው ወይስ ፎርጅድ?

እዚህ ላይ ነው የተበላሁት። ርካሹ ቴምብር ላይ ውዱን ጽሁፍ ደርበው ሸጡልኝ፣ ያውም ማህተም የተመታበት ስለሆነ አመንኩት። ቅደም ተከተሉን አስብ፦ መጀመሪያ ጽሁፉ ይታተማል፣ ከዛ ይሸጣል፣ ከዛ ፖስታ ቤት ማህተም ይመታበታል። ስለዚህ በማጉያ መነጽር፣ መብራቱን ከጎን አድርገህ፣ ሁለቱ ቀለም የሚቆራረጡበትን ቦታ እይ። የኔው ላይ የፊደሉ ጥቁር የማህተሙን ክብ ተሻግሮ ከላይ ተቀምጧል። ማህተሙ ከስር ከሆነ አለቀ፣ ፎርጅድ ነው።

ሙጫ ስለሌለው ብቻ ግን ፎርጅድ ነው አትበል፣ የ1940ዎቹ ብዙ የቻይና ቴምብር ሲወጣም ሙጫ አልነበረውም። ለማጣራት ብለህ ውሀ ውስጥ እንዳትነክረው።