ታሪክ፣ ምህንድስናና የባህርይ ሳይንስ በአንድ ጥናት፦ ከጎንደር ጥምቀት ምሳሌ ጋር እንዴት ይሠራል?

ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ጎንደር ባሕረ ጥምቀቱ ዘንድ ሕዝብ የተቀመጠበት የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰው ሞተ፤ ብዙ ሰውም ቆሰለ። የኢትዮጵያ ጥምቀት በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ገና ጥቂት ሳምንታት ቢሆነው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ መሐንዲሱ እንጨቱን ያያል፤ የባህርይ አጥኚው ሰዉን ያያል፤ የታሪክ ሰው ደግሞ «ለመሆኑ ርብራቡ እዚያ ቦታ መቼ መጣ?» ብሎ ይጠይቃል። ሦስቱም ተገቢ ጥያቄ ይዘዋል፤ ለየብቻቸው ግን ሩቅ አይሄዱም።

ከዚህ በታች ያለው እነዚህን ሦስት ሙያዎች አንድ ጥናት ውስጥ አስገብቶ እንዴት እንደሚሠራ ነው። ምሳሌዬ የጥምቀቱ ሕዝብና ርብራቡ ይሆናል። የ2012ቱን አደጋ ጥፋተኛ መፈለግ ግን የተመራማሪ ሥራ ስላልሆነ አልገባበትም። የእኛ ጥያቄ ስለሚመጣው ጥር ነው።

1. ጥያቄውን አጥብቡ

«የጥምቀት በዓል ደኅንነት በጎንደር» ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። ጥያቄ ሲሆን እንዲህ ይላል፦ «ውኃው ተባርኮ ሲረጭ በባሕረ ጥምቀቱ ዙሪያ ያለው ሕዝብ ወዴት ይንቀሳቀሳል? ለምን ወደዚያ? የሚቆምበትስ ነገር ያንን ይችላል?» ወዴት የሚለውን የባህርይ አጥኚው፣ ለምን የሚለውን ደግሞ በአብዛኛው የታሪክ ሰው ይይዘዋል። ይችላል ወይ የሚለው የመሐንዲሱ ነው። አንዱን ሙያ ብታወጡት ጥያቄው ካልተሰነጠቀ ያ ሙያ አላስፈለገም ማለት ነው፤ ለጌጥ የገባ ሙያ በመጨረሻ አንድ አንቀጽ ጽፎ ይወጣል።

ጥያቄውን መጀመሪያ የታሪክ ወይም የባህል ሰው ቢጽፈው እመርጣለሁ። መሐንዲስ ከጀመረው ቶሎ ወደሚለካው ነገር ይሄዳል፤ የሚለካው ሁሉ ደግሞ የሚጠየቅ አይደለም።

2. ሰዎቹን ሰብስቡ

ጎንደር ላይ ይህ እግር ይጠይቃል፦ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊና የሰብዓዊ ሳይንስ ሰዎች ማራኪ ግቢ፣ የቴክኖሎጂ ሰዎች አፄ ፋሲል ግቢ ናቸው። በቴሌግራም ብቻ የተሠራ ቡድን በቴሌግራም ይበተናል። ከእያንዳንዱ ሙያ አንድ አንድ ሰው ይበቃል፤ የጽሑፉ ስም ቅደም ተከተልም ዛሬውኑ በወረቀት ላይ ይስፈር።

3. ፈቃድ፣ ቀድሞ

ጥምቀት በዓመት አንዴ ነው፤ ጥር ላይ ያመለጠ ጥናት ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ ፕሮፖዛሉ ክረምት ላይ ማለቅ አለበት። ሰው የምታጠኑ ስለሆነ የዩኒቨርሲቲው የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ማየት ይኖርበታል። ባሕረ ጥምቀቱ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው የፋሲል ግቢ ቅርስ አካል ነው፤ በቅርስ ላይ ለሚደረግ ጥናት ደግሞ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ፈቃድ ይጠይቃል። ግንቡ ላይ ሚስማር መምታትም ሆነ መለኪያ መለጠፍ አይታሰብም። ድሮንም ያለ ፈቃድ እንደዚያው።

ከወረቀቱ ሁሉ የሚከብደው ግን የአባቶች ፈቃድ ነው። የትብብር ደብዳቤ ይዞ ለደብሩ አስተዳዳሪ መስጠት በር ይከፍታል፤ የሚያስገባው ግን ምን እንደምታደርጉና ምን እንደማታደርጉ ቁጭ ብሎ ማስረዳት ነው። ታቦት ሲያልፍ ካሜራ አይዞርም፣ በጸሎት ላይ ያለ ሰው አይጠየቅም፣ የማንም ፊት ተለይቶ አይታተምም፤ ይህን እናንተው ቀድማችሁ ተናገሩ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም (ቁጥር 1321/2016) አለ፤ ቪዲዮው የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚጠፋ የሚገልጽ አንድ ገጽ አዘጋጁ።

4. አንድ ካሬ፣ አንድ ሰዓት

ጥናቱ የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው እዚህ ነው። ብዙ ሰው የሦስት ሙያ ጥናት የሚጣመረው ሲጻፍ ይመስለዋል። እያንዳንዱ ለየብቻው መረጃ ሰብስቦ፣ ሰኔ ላይ ሦስት ፋይል አንድ ጠረጴዛ ላይ ይመጣል፤ አንዱ ከሌላው ጋር አይገጥምም። መጣመር ያለበት መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ቀላል ነገር ነው። የባሕረ ጥምቀቱን ዙሪያ ካርታ በካሬ ክፈሉት፤ እያንዳንዱ ካሬ 5 ሜትር በ5 ሜትር ይሁንና ስም ስጡት፦ ሀ1፣ ሀ2፣ ለ1 እያላችሁ። ልኬቱን ባሕሩ ባዶ በሆነበት ወር በሜትር ውሰዱ። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ውኃው ከቀሃ ወንዝ በቦይ የሚገባው ለበዓሉ ነው። ቀኑንም በ15 ደቂቃ ክፈሉት። ከዚህ በኋላ ማንም ምንም ሲጽፍ ካሬና ሰዓት ሳይጽፍ አይጻፍ። ሽማግሌው «ድሮ ካህናቱ የሚቆሙት እዚያ ነበር» ቢሉ ያ ቦታ ሀ3 ነው ወይስ ለ2? መሐንዲሱ የለካው ርብራብስ?

የሰዓቱ ነገር ደግሞ የሚያስቅ ወጥመድ አለው። ካሜራው 08:15 ብሎ የመዘገበውን ታዛቢያችሁ «ከጠዋቱ 2፡15» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው ስልኩን አይቶ «8፡15» ብሎ ይጽፋል፤ ሦስተኛው ሲያነበው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ያደርገዋል። ስድስት ሰዓት የተዛነፈ ቀን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሊስተካከል ይችላል፤ ግን ማን የቱን እንደጻፈ ከተረሳ አይስተካከልም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፉ፤ ጠዋት ወይም ማታ ይጨመርበት፤ የካሜራውን ሰዓት አንድ ሰው ብቻ ይለውጥ። ሁሉም የእጅ ሰዓትና ስልክ በዋዜማው፣ በከተራ፣ በአንድነት ይስተካከል።

5. እያንዳንዱ የየራሱን ሲሠራ

የታሪክ ሰው ሥራ የሚጀምረው ከፎቶ ነው። የድሮ ፎቶዎችን ከቤተሰብ አልበምና ከቤተ መጻሕፍት ሰብስቡ፤ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ሰው የቆመባቸውን ካሬዎች ምልክት አድርጉ። ርብራብ የሚታይበት የመጀመሪያው ፎቶ የቱ ነው? ከዚያ ወደ ሽማግሌዎች ሂዱ፤ ለየብቻቸው እንጂ በአንድነት አትጠይቋቸው፤ የመጀመሪያው የተናገረውን ሌላው ያጸድቃልና። ዓመተ ምሕረት ከመጠየቅ ይልቅ ሰው የማይረሳውን ነገር ያዙ፦ «ንጉሡ በ1967 ከመውረዳቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ያኔ መልሱ ይጠብባል። የቃለ መጠይቁ ቋንቋም ይታሰብበት፤ «አንተ/አንቺ» ተብሎ የታተመ ጥያቄ ለቄሰ ገበዙ ሲነበብ ቃለ መጠይቁ ሳይጀመር ያልቃል። ጎንደር አንቱታን ገና አልተወችም።

መሐንዲሱ ደግሞ በሒሳብ ይጀምር። 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ የርብራብ ወለል 12 ካሬ ሜትር ነው። በካሬ ሜትር 6 ሰው ቢታጨቅበት 72 ሰው ይሆናል፤ በአማካይ 65 ኪሎ ብንል ከ4.6 ቶን በላይ። ዩሮኮድ የሚባለው የአውሮፓ የግንባታ ደንብ ሕዝብ ለሚታጨቅበት ወለል በካሬ ሜትር ቢያንስ 5 ኪሎ ኒውተን ይላል፤ ወደ 500 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ለ12 ካሬ ሜትር 6 ቶን። ይህ ወደታች ብቻ ነው። ሕዝብ ደግሞ ያጨበጭባል፣ ይዘምራል፣ በአንድነት ይወዛወዛል፤ ወደጎን የሚመጣውን ግፊት የሚሸከመው ቋሚው ሳይሆን ሰያፉ፣ ማለትም ቋሚዎቹን በዘመመ መስመር የሚያያይዘው እንጨት ነው። ቋሚው ወፍራም ሆኖ ሰያፍ የሌለው ርብራብ ለዓይን ጠንካራ ይመስላል። ሌላም አለ፦ በእርጥብ ባሕር ዛፍ የተመታ ሚስማር እንጨቱ ሲደርቅና ሲኮማተር ይላላል፤ ስለዚህ እንጨቱ መቼ እንደተቆረጠና ርብራቡ ከበዓሉ ስንት ቀን በፊት እንደቆመ ተጽፎ ይያዝ።

ሙከራው ቅርሱ አጠገብ አይሠራም። በግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ርብራብ ልክ እንደተለመደው አሠሩ፤ እንጨቱም አናጺውም ያው ይሁን። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ውኃ ሲሞላ ወደ 200 ኪሎ ይመዝናል፤ 30 በርሜል ለ12 ካሬ ሜትር የሚጠበቀውን ጭነት ይሰጣችኋል። ባዶውን በርሜል አስቀምጡና ተራ በተራ በጎማ ሙሉት፤ ሰው ሥሩ አይግባ። አግዳሚው ምን ያህል እንደጎበጠ በክርና በማስመሪያ በየአምስቱ በርሜል መዝግቡ። ርብራቡ ሳይሰበር ከጎበጠም፣ አንዱ ቋሚ ከሰመጠም ውጤት ነው።

የባህርይ አጥኚው ሥራ ቀላል ይመስላል፤ ቆሞ ማየት ነው። ግን «ሕዝቡ ደነገጠና ተረጋገጠ» የሚል ዓረፍተ ነገር መረጃ አይደለም። በሕዝብ መጨናነቅ ላይ የተሠሩ ጥናቶች የሚያሳዩት፣ ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚመጣው ከድንጋጤ ይልቅ ከመጠጋጋት መሆኑን ነው፤ በካሬ ሜትር ወደ 7 ሰው ሲደርስ ግለሰብ በራሱ ፈቃድ መንቀሳቀስ አይችልም፤ ሕዝቡ እንደ ፈሳሽ ይገፋዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ቁጥር። በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ በርክሌይ ያስተምር የነበረው ጋዜጠኛ ኸርበርት ጃኮብስ እንዳደረገው፣ ጥቂት ካሬዎች ውስጥ ያለውን ሰው ከፎቶ ቁጠሩና አማካዩን በካሬዎቹ ሁሉ ብዛት አባዙት፤ ልቅ፣ መካከለኛና ጥቅጥቅ ያሉትን ለየብቻ።

ቀጥሎ የምዝገባ ቅጽ፦ በዚህ ካሬ፣ በዚህ ሩብ ሰዓት፣ አብዛኛው ሰው ቆሞ ያያል? ይራመዳል? ይጨፍራል? ልጅ ያዘለ አለ? አንድን ካሬ ሁለት ታዛቢ ሳይነጋገር ይመዝግብ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ሁለቱ 85 በመቶ ተስማሙ ብላችሁ ደስ አይበላችሁ። ካሬዎቹ 90 በመቶ ጊዜ «ቆሞ ያያል» የሚባሉ ከሆነ፣ ሁለት ታዛቢዎች ሳያዩ እንኳ በዕድል ብቻ 82 በመቶ ይስማማሉ። ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣው ካፓ የሚባለው ስሌት ይህንን ዕድል ይቀንሳል፤ ያ 85 በመቶ ወደ 0.17 ይወርዳል (1 ፍጹም ስምምነት፣ 0 በዕድል ብቻ የሚገኝ ስምምነት ነው)፤ ለመጣልም የሚያሳፍር ቁጥር አይደለም፣ ለመታተም ግን ያሳፍራል። ታዛቢዎቹን እንደገና አሠልጥኑ ወይም ቅጹን አስተካክሉ።

6. መስከረም ላይ ሞክሩት

የመስቀል ደመራ ጥሩ ልምምድ ነው። ቦታው ሌላ፣ ሕዝቡ ያው። ካሬው፣ ሰዓቱ፣ ቅጹ፣ የታዛቢው ጉልበት የት ላይ እንደሚደክም ያኔ ይታወቃል።

7. በዕለቱ

ታዛቢ ርብራብ ላይ አይውጣ። ሁሉም ነጠላውን ለብሶ፣ መታወቂያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ቦታው ላይ ጎህ ሳይቀድ ይገኝ። አደጋ የሚመስል ነገር ያየ ሰው ምዝገባውን ትቶ ለፖሊስና ለአስተባባሪዎች ይናገራል፤ ይህ ሥነ ምግባር ኮሚቴው ዘንድ የገባው ወረቀት ላይም መጻፍ አለበት። ቃለ መጠይቅ ታቦታቱ ከሄዱ በኋላ ይደረግ፤ በማግሥቱ ቢሆን ይበልጣል።

8. ሦስቱን መግጠም

አንድ ሰንጠረዥ፣ አንድ መስመር ለአንድ ካሬና ለአንድ ሩብ ሰዓት። ዓምዶቹ፦ የሰው ብዛት፣ የተመዘገበ ባህርይ፣ የሚቆምበት ወለል ዓይነትና አቅሙ፣ የቦታው ታሪክ። ይህ ከተሞላ በኋላ ክርክር ይነሣል፤ መነሣትም አለበት። መሐንዲሱ «ርብራቡ በካሬ ሜትር 500 ኪሎ ይችላል» ቢልና የባህርይ አጥኚው ግን ውኃው በተረጨ ሰዓት ሰዉ ሁሉ ወደ ፊተኛው ጠርዝ እንደሚሄድ ቢያሳይ፣ ጭነቱ በወለሉ ላይ እኩል አልተከፋፈለም፤ ስሌቱ ለጠርዙ እንደገና ይሠራል። አንድ ሰው ለምን እዚያ እንደቆመ ተጠይቆ «አባቴም እዚሁ ነው የሚቆመው» ቢል ደግሞ ይህ ለባህርይ አጥኚው አንድ ምልክት ብቻ ነው፤ ለታሪክ ሰው ግን የቦታ ውርስ ነው፤ በምልክት ሰሌዳ «ወደዚያ ሂዱ» ተብሎ የማይነሣ ሕዝብ ለምን እንደማይነሣ ይነግረዋል። መሐንዲሱም ያንን ካሬ ባዶ ይሆናል ብሎ ከመቁጠር ይልቅ ሁልጊዜ ሙሉ አድርጎ ያሰላዋል።

የማይገጥም ነገር ሲገኝ አማካይ ወስዳችሁ አታስታርቁት። ወደ ቪዲዮው ተመለሱ፤ ካሬውን እዩ።

9. ጽሑፉና መመለሱ

ለጆርናል የሚሄደው ጽሑፍ እንደየሙያው ልማድ ሁለት ወይም ሦስት ሊሆን ይችላል፤ የታሪክ ሰው የግርጌ ማስታወሻውን፣ መሐንዲሱ ግራፉን ማንም አይቀማው። ግን ከሁሉ በፊት በአማርኛ አራት ገጽ ጻፉ፤ ለበዓሉ አስተባባሪዎች፣ ለደብሩና ለከተማው አስተዳደር የሚሰጥ። የካሬውን ካርታ አስገቡበት፤ የተጨናነቁት ካሬዎች በቀይ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነም ከሥሩ ይጻፍ። የአናጺው መመሪያ አንድ ገጽ በሥዕል ይሁን፦ ሰያፍ የት እንደሚገባ፣ ስንት ሰው በላዩ እንደሚወጣ። ይህ እጃቸው የሚገባው ቢዘገይ ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው፤ ርብራብ የሚሠራው እንጨት ታኅሣሥ ላይ ከተገዛ በኋላ የሚመጣ ምክር ለማንም አይጠቅምም።