መሣሪያው ተገጥሞ አደጋው ለምን አይቀንስም? ለሥራ የሚያሽከረክሩትን በመረጃ ለመጠበቅ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በመንገድ ትራፊክ አደጋ በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይሞታሉ። ቁጥሩን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት አስፍሮታል፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑ ሰዎችም ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው አደጋ ነው ይላል። ከሟቾቹና ከቆሰሉት መካከል መሪ የጨበጡት ኑሯቸውን ለማሸነፍ የሆነ ብዙዎች አሉ።

ለእነዚህ ሰዎች መንገዱ የሥራ ቦታቸው ነው። ስንት ሰዓት እንደሚነሱ፣ በየት በኩል እንደሚሄዱ፣ ስንት ቦታ እንደሚያራግፉ የሚወስነው ቀጣሪያቸው ነው። ስለዚህ በቀጣሪው እጅ ያለው መረጃ፣ ማለትም መኪናው የት እንዳለና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ የሚከታተለው መሣሪያ (ጂፒኤስ) ምዝገባ፣ የስምሪት ሰሌዳው፣ የጋራዡ መዝገብ፣ የነዳጅ ሂሳቡ፣ በአግባቡ ከተያዘ ሕይወት ያተርፋል። መሣሪያ ገዝቶ መግጠም ብቻውን ግን ማንንም አያድንም። ብዙ ጥሩ ሐሳብ የሚበላሸው ከዚያ በኋላ በሚመጡት ስህተቶች ነው።

አደጋ እስኪደርስ ጠብቆ መቁጠር

ብዙ ድርጅቶች የሚከታተሉት ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ በዓመቱ ውስጥ የደረሰው ግጭት ብዛት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ቁጥሩ የሚመጣው ሰው ከተጎዳ በኋላ ስለሆነ ለተጎዳው አይደርስለትም። በዚያ ላይ ያሳስታል። 40 መኪናዎች ያሉት ድርጅት አምና 6፣ ዘንድሮ 3 አደጋ ቢመዘግብ አመራሩ «በግማሽ ቀነስን» ብሎ ይደሰታል። ነገር ግን በአማካይ በዓመት አራት አምስት አደጋ የሚገጥመው ድርጅት፣ ምንም ሳይለውጥ አንዱን ዓመት በ6 ሌላውን በ3 ቢዘጋ የሚያስገርም አይደለም። ትንሽ ቁጥር በአጋጣሚ ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል።

ይኸው ነገር በእያንዳንዱ ሾፌር ላይም ይታያል። በአንድ ወር ከሁሉም የከፋ ውጤት ያስመዘገቡትን አሥር ሾፌሮች መርጦ ያሠለጠነ ኃላፊ፣ በሚቀጥለው ወር መሻሻል ማየቱ አይቀርም። ከመሻሻሉ ከፊሉ ግን ሥልጠናው ባይሰጥም ይመጣ ነበር። እጅግ የከፋ ወር የሚፈጠረው ብዙውን ጊዜ መጥፎ ልማድና መጥፎ አጋጣሚ ሲገጣጠሙ ነው፤ አጋጣሚው ደግሞ በየወሩ አይደገምም። የሥልጠናውን እውነተኛ ዋጋ ማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ ተመሳሳይ ሥራ እየሠሩ ሥልጠናውን ገና ያልወሰዱ ሾፌሮችን ውጤት ጎን ለጎን ማየት አለበት።

ግጭቶች መመዝገባቸው ይቀጥል፤ ዋናው ክትትል ግን ከግጭት በፊት በሚታዩት ምልክቶች ላይ መሆን ይገባዋል። ከወሰን ያለፈ ፍጥነት፣ ድንገተኛ ፍሬን፣ ያለ እረፍት የተነዳ ሰዓት፣ ያልታሰረ የደህንነት ቀበቶ፣ ለጥቂት የከሸፈ ግጭት፤ እነዚህ በየቀኑ ይታያሉ። በተለይ ፍጥነትን ማንም እንዳይንቅ። አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ የመድረስ ዕድሉ በ4 በመቶ ያህል እንደሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል።

የተነዳውን ርቀት ሳያዩ ሾፌሮችን ማወዳደር

አንዱ ሾፌር በዓመት 80,000 ኪሎ ሜትር ነድቶ ሁለት ጊዜ ተጋጨ እንበል። ሌላው 15,000 ኪሎ ሜትር ነድቶ አንድ ጊዜ ተጋጨ። በዝርዝሩ ላይ የመጀመሪያው ጥፋተኛ ይመስላል። በ100,000 ኪሎ ሜትር ሲሰላ ግን የመጀመሪያው 2.5፣ የሁለተኛው 6.7 ያህል ይሆናል።

ርቀትም ብቻውን አይበቃም። ከተማ ውስጥ ከመብራት ወደ መብራት የሚሄድ ሰው ፍሬን የሚይዝበትን ብዛት፣ ረጅም አውራ ጎዳና ላይ ከሚውል ሰው ጋር ማስተያየት ፍትሕ የለውም። ሌሊት የሚነዳና ቀን የሚነዳም እንዲሁ። የሚወዳደሩት በተመሳሳይ መስመር፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ዓይነት መኪና የሚሠሩት መሆን አለባቸው።

መሣሪያው የተናገረውን ሁሉ ማመን

ጂፒኤሱ የመኪናውን ቦታ በደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ የሚመዘግብ ከሆነ፣ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሁለት ምዝገባዎች መካከል 1.5 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በዚያ መካከል ፍጥነቱ ጨምሮ ሊቀንስ፣ መታጠፊያ ሊያልፍ ይችላል፤ ከመዝገቡ ግን አይታይም። በካርታው ላይ የተጻፈው የፍጥነት ወሰንም መንገዱ ላይ ከተተከለው ምልክት ጋር ላይስማማ ይችላል። በደንብ ያልታሰረ መሣሪያ ጉድጓድ ሲመታ «ድንገተኛ ፍሬን» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ሙሉ ጭነት የያዘ ከባድ መኪናና ባዶ ትንሽ መኪና ፍሬን ሲይዙ በአንድ መለኪያ ሊዳኙ አይገባም።

ከሁሉም የሚያሳዝነው ግን አንድ መኪና ሁለት ሦስት ሾፌሮች እየተፈራረቁበት፣ መሪው ላይ የነበረው ማን እንደሆነ ሳይመዘገብ ሲቀር ነው። ያን ጊዜ የአንዱ ጥፋት በሌላው ስም ይጻፋል። እኔ በበኩሌ ይህ ሳይስተካከል በሾፌር ስም አንድም ነጥብ መሰጠት የለበትም ባይ ነኝ።

ጥፋቱን ሁልጊዜ መሪው ላይ መፈለግ

የብዙ አደጋ ሥር ያለው እዚህ ስለሆነ ይህን ጠለቅ ብዬ ልየው።

አንድ የጭነት መኪና ሾፌር 300 ኪሎ ሜትር ሄዶ፣ በመንገዱ ሦስት ቦታ አራግፎ፣ በ5 ሰዓት ውስጥ እንዲደርስ ታዘዘ እንበል። እያንዳንዱ ማራገፊያ 40 ደቂቃ ይወስዳል፤ በድምሩ 2 ሰዓት። ለመንገዱ የቀረው 3 ሰዓት ነው፤ በአማካይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር መሄድ አለበት ማለት ነው። የመንገዱ ወሰን 80 ቢሆንስ? ምንም ሳያቆመው፣ ሳያዘገምና ሳያርፍ በ80 ቢሄድ እንኳ 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያስፈልገዋል። መሣሪያው ማታ «ከወሰን በላይ ነድቷል» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል፤ ሾፌሩ ይጠራል፣ ይወቀሳል። ሾፌሩ ከወሰን በላይ እንዲነዳ የተወሰነው ግን ጠዋት ስምሪት ክፍሉ ውስጥ፣ ሰሌዳው ሲሞላ ነው።

የፍጥነት መዝገቡን ከስምሪት ሰሌዳው ጋር ጎን ለጎን ያላስቀመጠ ድርጅት ይህን ፈጽሞ አያየውም። የክፍያው መንገድም አብሮ መታየት አለበት፤ ደመወዙ በምልልስ ብዛት የሚሰላለት ሾፌር ቀስ ብሎ በነዳ ቁጥር ገቢው ይቀንሳል። የጋራዡ መዝገብም እንዲሁ። ፍሬኑ እንዲታይለት ሁለት ጊዜ አመልክቶ መልስ ያላገኘ ሾፌር ቢጋጭ፣ በሪፖርቱ ላይ «የአሽከርካሪ ስህተት» ተብሎ መጻፉ ግፍ ነው።

ድካም ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ይደበቃል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ አንድ ጥናት፣ 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ አሳይቷል። ሊነጋጋ ሲል 11 ሰዓት ላይ የነቃ ሾፌር ማታ 4 ሰዓት ላይ እዚያ ደረጃ ደርሷል። መሣሪያው የሚያውቀው ሞተሩ የተነሳበትን ሰዓት እንጂ ሰውየው ከእንቅልፉ የነቃበትን አይደለም። ጭነት ሲያራግፍ፣ ወረፋ ሲጠብቅ የዋለበትም ጊዜ «መኪናው ቆሟል» ተብሎ እንደ እረፍት ይቆጠራል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የከባድ መኪና ሾፌር 4 ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ ማረፍ ግዴታው ነው፤ ጭነት ማራገፍና ሌላ ሥራም እንደ እረፍት አይቆጠርም። የትም አገር ያለ ድርጅት ይህን ልዩነት በራሱ መዝገብ ውስጥ ማስገባት ይችላል።

መረጃውን አለንጋ ማድረግ

ድንገተኛ ፍሬን የያዘ ሾፌር ነጥብ ይቀነስበታል። ፍሬኑን የያዘው ግን ሕፃን ልጅ ዘሎ መንገድ ስለገባ ሊሆን ይችላል፤ ያ ፍሬን የልጁን ሕይወት አትርፏል። ቁጥሩ ይህን አይነግረንም። ስለዚህ ከቅጣት በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ «ምን አጋጥሞህ ነበር?»

አደጋ ላልደረሰበት ሁሉ ጉርሻ መስጠትም ጥሩ መስሎ ይጎዳል። ሾፌሩ የተጫረ በሩን ከኪሱ አውጥቶ ያስጠግናል፤ ለጥቂት የዳነበትን ቦታ ለማንም አይናገርም። በወረቀቱ ላይ ሁሉም ሰላም ነው፤ ሌላው ሾፌር ግን ሳያውቅ እዚያው ቦታ ይደርሳል። ለጥቂት የዳኑበትን መናገር በምንም መንገድ እንደማያስቀጣ በጽሑፍ መረጋገጥ አለበት፤ ቃሉም አንድ ጊዜ እንኳ መታጠፍ የለበትም። አንዴ የተቀጣ ሰው ሁለተኛ አፉን አይከፍትም፤ ጓደኞቹም ከእሱ ይማራሉ።

ምን እንደሚመዘገብ፣ ማን እንደሚያየው፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ መሣሪያው መዘጋቱን ወይም አለመዘጋቱን ሾፌሮቹ መሣሪያው ከመገጠሙ በፊት ማወቅ አለባቸው። ሳይነገረው የሚከታተሉት ሰው መሣሪያውን እንደ ጠላት ቢያይ አይፈረድበትም።

ጥያቄ ሳይኖር መረጃ መከመር

በቀን 200 ማስጠንቀቂያ የሚልክ ስክሪን ከሳምንት በኋላ የሚያየው የለም። አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ለምሳሌ «ሾፌሮቻችን ቀበቶ የማያስሩት የትና መቼ ነው?» ቀበቶ ከፊት ወንበር የተቀመጠ ሰው የመሞት ዕድሉን እስከ ግማሽ ስለሚቀንስ ለመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ከበቂ በላይ ነው። እሱ ሲመለስ ወደ ቀጣዩ ማለፍ ይቻላል።

በመዝገቡ ውስጥ የሌሉትን መርሳት

መሣሪያው የተገጠመው በድርጅቱ መኪናዎች ላይ ብቻ ነው። በራሱ መኪና ለሥራ የሚወጣው ሠራተኛ፣ በኮንትራት የሚሠራው፣ በሞተር ብስክሌት ዕቃ የሚያደርሰው በመዝገቡ የሉም። በዓለም ላይ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተር ብስክሌት ነጂዎች ናቸው። ስለዚህ የድርጅቱ መኪና የገጨው ሰው ጉዳትም ከሾፌሩ ጉዳት እኩል ይመዝገብ።

ሾፌሩ የሰጠውን መረጃ ወስዶ መልስ አለመስጠት

ከየመኪናው የተሰበሰቡ ድንገተኛ ፍሬኖች በካርታ ላይ ሲቀመጡ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቦታዎች ይከማቻሉ፤ እይታን የሚጋርድ መታጠፊያ፣ እግረኛ የሚበዛበት በር፣ መኪና ወደ ኋላ እየሄደ የሚወጣበት መጋዘን። ሾፌሮቹ እነዚህን ቦታዎች አስቀድመው ያውቋቸዋል። ካርታውን ይዞ ወደ እነሱ መሄድ፣ የእነሱን ምክንያት መስማት፣ መስመሩን ወይም ሰዓቱን መለወጥ፣ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ካርታውን እንደገና አውጥቶ ምን እንደተለወጠ ማሳየት ያስፈልጋል። መታጠፊያውን የጠቆመው ሾፌር ጥቆማው ምን ላይ እንደደረሰ ከኃላፊው አፍ መስማት አለበት፤ «መስመሩን መለወጥ አልቻልንም» የሚል መልስም ቢሆን ከነምክንያቱ ይነገረው።