ጉበትዎ እስኪያምዎ አይጠብቁ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጉበት ዝምተኛ አካል ነው። ከቀኝ ጎድን አጥንታችን ሥር ሆኖ ከአንጀት የሚመጣውን ደም ያጣራል፣ ሐሞት ያመነጫል፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ፕሮቲኖችን ይሠራል። ከፊሉ ቢጎዳ እንኳ የቀረው ክፍል ሥራውን ሸፍኖ ይቀጥላል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ስላላመመን ብቻ ደህና የሆንን ይመስለናል።

«ካመመኝ እመረመራለሁ» ማለት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው። የጉበት ሥጋ ራሱ ሕመም አይሰማውም። የሚያመው የላይኛው ሽፋኑ ሲወጠር ነው። ጉበትን የሚያጠቁት ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ የሚባሉ ቫይረሶች የያዙት ሰው 20 እና 30 ዓመት ምንም ሳይሰማው ሊኖር ይችላል። ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሆድ ውሃ ሲቋጥር፣ እግር ሲያብጥ ብዙ ጊዜ ጉበቱ ጠባሳ በጠባሳ ሆኖ ጠንክሯል። ሐኪሞች ሲሮሲስ የሚሉት ይህንን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2022 254 ሚሊዮን ሰው ሄፓታይተስ ቢ፣ 50 ሚሊዮን ሰው ደግሞ ሄፓታይተስ ሲ በደሙ ውስጥ ነበረበት። አብዛኞቹ መያዛቸውን አያውቁም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው፤ ለማወቅ ጥቂት ደም መስጠት ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። «የጉበት ምርመራ ተደርጎልኝ ኖርማል ነው ተባልኩ» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የተመረመሩት የጉበት ኢንዛይም ነው፤ ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምር ንጥረ ነገር ማለት ነው። ቫይረሱ ደም ውስጥ እያለ ኢንዛይሙ ልክ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሲሄዱ በስሙ ይጠይቁ፦ የሄፓታይተስ ቢ እና የሄፓታይተስ ሲ ምርመራ።

ብርጭቆ መለየት፣ ምላጭ መጋራት

ይሄኛው በጣም ያሳዝነኛል። አንድ ሰው ሄፓታይተስ ቢ እንዳለበት ሲታወቅ ብርጭቆው ይለያል። ሳህኑ ለብቻው ይታጠባል። ልጆቹ እንዳይጠጉት ይነገራቸዋል። እሱም ቀስ በቀስ ከማዕድ ይርቃል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ግን ቤተሰቡ በሙሉ የሚጠቀምበት የጥፍር መቁረጫና የጢም መላጫ እንደተቀመጠ ነው።

ነገሩ ተገልብጧል። ቫይረሱ አብሮ በመብላት፣ በመተቃቀፍ፣ በመጨባበጥ ወይም በሳል አይተላለፍም። የሚተላለፈው በደም፣ ጥንቃቄ በጎደለው ግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው። ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ስለሚችል ምላጭ፣ መርፌ፣ የጥርስ ብሩሽና የጥፍር መቁረጫ ለየራስ መሆን አለባቸው። ብርጭቆውን ይተዉት። ይልቁንስ የቤተሰቡ አባላት ይመርመሩ፤ ቫይረሱ የሌለባቸውና ያልተከተቡት ይከተቡ።

የሕፃኑን ክትባት ማሳደር

በሄፓታይተስ ቢ የተያዘ አዋቂ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረሱን በራሱ ያስወግደዋል። ሲወለድ የተያዘ ሕፃን ግን እንዲህ አይደለም፤ ከ10 ሕፃናት በ9ኙ ላይ ዕድሜ ልክ ይቆያል። የመጀመሪያው ክትባት በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ መሰጠት ያለበት ለዚህ ነው። እናትየው ቫይረሱ ካለባት በእርግዝናዋ ጊዜ ለሐኪሟ ትንገር፤ ለእሷም ለልጁም የሚደረግ ተጨማሪ ነገር ሊኖር ይችላል። ልጁ በጊዜው ከተከተበ ጡት ማጥባት ትችላለች።

«መድኃኒት የለውም» ብሎ መቀመጥ

ሄፓታይተስ ሲ ዛሬ ይድናል። በአብዛኛው ከ8 እስከ 12 ሳምንት የሚዋጥ እንክብል ነው፤ ከሚወስዱት ከ95 በመቶ በላይ ይፈወሳሉ። ሄፓታይተስ ቢን ከሥሩ መንቀል ገና ከባድ ቢሆንም መድኃኒቱ ቫይረሱን ያዳክመዋል፣ ጉበትንም ያተርፋል። ግን ተሻለኝ ብሎ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አደጋ አለው። ቫይረሱ ባንዴ አገርሽቶ ጉበትን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል።

ፓራሲታሞልን ሳይቆጥሩ መዋጥ

ለራስ ምታት ሁለት ፍሬ። ማታ ደግሞ የጉንፋን መድኃኒት። ወገብም ስላመመ ከሌላ እሽግ ሁለት። ሦስቱም ውስጥ ፓራሲታሞል ሊኖር ይችላል፤ የሚጻፈው ግን በደቃቅ ፊደል ስለሆነ ማንም አያየውም። ለጤነኛ አዋቂ የ24 ሰዓት ጣሪያው 4 ግራም ነው። ባለ 500 ሚሊግራሙ ከሆነ 8 ፍሬ መሆኑ ነው። አልኮል አዘውትሮ ለሚጠጣ ወይም ጉበቱ ለታመመ ሰው ጣሪያው ከዚህ ዝቅ ይላል።

ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው የመጀመሪያውን ቀን ደህና ሊመስል ይችላል። ጉዳቱ የሚወጣው በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ቀን ነው። ማርከሻው ግን በደንብ የሚሠራው በ8 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። «እስቲ ይደር» አይባልም፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም»

ጉበት የሚዋጠውን ሁሉ ያጣራል፤ ከቅጠል ይምጣ ከፋብሪካ አይለይም። ተጨምቆ በእንክብል የሚሸጥ አረንጓዴ ሻይ እንኳ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ጉበትን አቁስሏል። ጉበት «ያጥባሉ» ተብለው ለሚሸጡት ገንዘብዎን አያውጡ። የወሰዱት ነገር ካለ ደግሞ ሐኪሙ ይቆጣኛል ብለው አይደብቁ።

«እኔ አልጠጣም» ብሎ መዘናጋት

አልኮል ጉበት ይጎዳል፤ ቢራም ሆነ ጠንካራ መጠጥ፣ ወሳኙ ወደ ሰውነት የገባው የአልኮል መጠን ነው። ግን ምንም ሳይጠጡም ጉበት ላይ ስብ ሊከማች ይችላል። በተለይ ስኳር በሽታ ወይም ቦርጭ ያለበት ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ። ደስ የሚለው፣ ውፍረት ያለው ሰው ከክብደቱ ከ7 እስከ 10 በመቶ ቢቀንስ ስቡም ቁስለቱም ሊቀንስለት ይችላል።

ግራ መጋባትን እንደ ድካም ማየት

ይሄ በተለይ ሲሮሲስ ያለበትን ሰው ለምታስታምሙ ነው። ቀን እየተኛ ሌሊት መንቃት ይጀምራል። የዘወትር ነገር ይጠፋዋል። ንግግሩ ይንቀራፈፋል፣ እጁን ሲዘረጋ ይንቀጠቀጣል። ቤተሰብ ደክሞት ነው ይላል፤ አንዳንዱም እንቅልፍ እንዲወስደው ብሎ የእንቅልፍ ክኒን ይሰጠዋል። ይህ አደገኛ ነው። ጉበቱ ማጣራት ያቃተው መርዝ አንጎሉን እየነካው ሊሆን ይችላል፤ የእንቅልፍ መድኃኒት ደግሞ ያባብሰዋል። ሆድ ድርቀት ወይም ኢንፌክሽንም ሊያስነሳው ስለሚችል ከስንት ቀን ጀምሮ እንዳልተጸዳዳና ትኩሳት እንዳለው ለሐኪሙ ይንገሩ። ደም ካስመለሰው ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ደግሞ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ያድርሱት።