የደብተራችሁን የፊት ገጽ ስታሳምሩ እነዚህን አታድርጉ

ከሁሉ የሚያንገበግበኝን ላስቀድም፤ ጌጡ ፊደሉን ሲበላው። ልጁ «ሒሳብ» ብሎ ይጽፋል፣ ፊደሎቹን በፓርከር ያወፍራቸዋል፣ ጥላ ያበጅላቸዋል፣ ዙሪያቸውን በአበባ ይሞላል። ደብተሩ እኔ ዘንድ ሲደርስ የሚነበበው «ሐሳብ» ነው። የ«ሒ» ጭረት በቀለሙ ተውጣ ቀርታለች። የ«ሳ» ሁለት እግሮች እኩል ከሆኑ ደግሞ «ሰ» ትሆናለች። የእኛ ፊደል ድምፁን የሚለየው በእግር መርዘምና ማጠር፣ በጎን በምትወጣ ጭረትና በቀለበት ነው፤ እነሱ ከጠፉ ቃሉ ጠፋ። ይህን በየመስከረሙ አያለሁ፣ በየመስከረሙም ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በጣም የለፉት ልጆች ናቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ ፊደሉን በእርሳስ፣ በቀጭኑ ጻፉት። ጭረቷንና ቀለበቷን ከወትሮው ተለቅ አድርጓት። ስታወፍሩ እግሩን ብቻ አወፍሩ፣ ጭረቷ ወጣ ብላ ትታይ። አብዛኛው ጭረት የሚወጣው በቀኝ ስለሆነ ጥላውን በግራ በኩል አድርጉት። ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ገና ማንበብ ለጀመረ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት አስነብቡት። ከተደናገረ ላጲሱን አንሡ።

አበባውና ሐረጉ፣ ማለትም የተጠላለፈው ጌጥ፣ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የብራና ጸሐፊዎቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ሐረጉ በጽሑፉ ራስጌ ይሣላል፣ አንዳንዴም በዓምዶቹ ግራና ቀኝ ይወርዳል፤ ፊደሉ ላይ ግን አይወጣም። እዚሁ በወሎ፣ በ13ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቅርስ ነው። ከእንዲህ ያለ አገር የወጣ ልጅ ሐረግ ለመሣል ከስልክ ላይ የባዕድ አበባ መገልበጥ የለበትም። የእናቱን ሰፌድና የቀሚሷን ጥልፍ ይመልከት፤ እነሱ ላይ ያሉት ማዕዘኖች በማስመሪያ ሊሠሩ ይችላሉ።

የቦታ ጉዳይም አለ። «የክወናና የእይታ ጥበባት» ብሎ ለመጻፍ የተነሣ ልጅ «የክወናና»ን እንደ ሱቅ ማስታወቂያ አግዝፎ ይጀምርና «ጥበባት» ላይ ሲደርስ ወረቀቱ ያልቅበታል። የቀሩትን ፊደሎች ጠርዙ ላይ እየጨፈለቀ ወደ ታች ያወርዳቸዋል። መፍትሔው ፊደሎቹን ቆጥሮ ከመካከለኛው ጀምሮ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መጻፍ ነው። «ሐ»፣ «ሠ» እና «ጠ» ሰፊ ናቸው፤ «ነ»ና «ገ» ጠባብ ናቸው፤ ስትለኩ ይህን አስቡ። ርዕሱ ሁለት መስመር ከሆነ ቃል መሐል አትቁረጡ።

ፓርከር ስስ ወረቀት ላይ ወደ ጀርባው ያልፋል። ርዕሱን በከለር እርሳስ ቀቡት። ፓርከር ካላችሁና ካላስቻላችሁ ከሥሩ ትርፍ ወረቀት አንጥፉ። አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ከፊትና ከኋላ ለሁለት ትምህርት የሚከፍሉ ብዙ ተማሪዎች አሉኝ፤ ለእነሱ አንድ ገጽ ተበላሸ ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ተበላሸ ብላችሁ ግን አትቅደዱ! ደብተሩ መሐሉ ላይ በሽቦ የተሰፋ ነው። የፊቱን ወረቀት ስትቀድዱ በሌላው በኩል ያለው መንታው ይላላል፣ ሰንበትበት ብሎም ይወድቃል። አንድ ተማሪዬ የፊት ገጹ አላምር እያለው እየቀደደ እንደገና ይጀምር ነበር፤ በጥቅምት የኋለኛው የደብተሩ ክፍል ከነጻፈው ማስታወሻ ተበተነበት። አብሽሩ፣ የተበላሸው ላይ ነጭ ወረቀት በስሱ ኮላ ለጥፋችሁ እንደገና መጀመር ይቻላል።

ስለ ኮላ ካነሣን፣ እርጥብ አደይ አበባ አትለጥፉ። አዲስ ዓመት ስለሆነ እንደሚያጓጓ አውቃለሁ፣ ሲያመጡልኝም ደስ ይለኛል። ነገር ግን እርጥበቱ ወረቀቱን ያጨማድደዋል፣ ያሻግተዋል። አበባውን በጋዜጣ መሐል አድርጋችሁ ከባድ ነገር ጫኑበት፤ ሲነካ ደርቆ ኮሽ እስኪል ታገሡ። ደሴ ላይ በጭጋጉ ምክንያት ከኮምቦልቻ ይልቅ ይቆያል።

የክፍል ምደባ ሳይለጠፍ «7ኛ ሐ» ብላችሁ በእስክሪብቶ አትጻፉ።

አንድ ነገር ደግሞ በፍቅር ልንገራችሁ። የአላህን ስም፣ የእመቤታችንን ስም፣ ጥቅስም ሆነ የቁርኣን አያ በፊት ገጽ ላይ አትጻፉ። ሐሳባችሁ መልካም ነው። ደብተር ግን መሬት ይወድቃል፣ ይረገጣል፤ ሲያልቅም ሱቅ ሄዶ የበርበሬ መጠቅለያ ይሆናል። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ሥላችሁ ብታመጡልኝ ግን ገጹን ለክፍሉ ሁሉ አሳያለሁ።

ለታላላቆችና ለወላጆችም መልእክት አለኝ። መስመሩን አስምሩላቸው፣ እርሳሱን ቅረጹላቸው፣ ፊደሉን ግን ራሳቸው ይጻፉት። ከፎቶ ኮፒ ቤት አሳትማችሁ የምትለጥፉላቸው ገጽ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። አርሜ ስመልስ ልጆቹ ደብተር ይለዋወጣሉ፣ የአንዱ የቤት ሥራም ሌላው ቤት ያድራል። አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ጠመም አድርጎ የጻፈውን ስም ግን ከሩቅ አይቼ የማን እንደሆነ አውቃለሁ።