አሜሪካ አዲስ ለገባችሁ፦ ኦንላይን ስትገዙ በምን እንደምትከፍሉ

ሰሞኑን ደግሞ አንዷ እህታችን ኦንላይን ላየችው ሶፋ በዜል (ከባንክ አካውንት ወደ አካውንት ብር መላኪያው) ከፍላ ሰውየው ብሎክ አድርጓት ጠፋ፣ «ባንኩ አይመልስልኝም ወይ?» ትላለች። ራስሽ የላክሽውን ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ አይመልስም፣ ጥሬ ብር እጁ ላይ እንደመቁጠር ነው። ለማታውቁት ሰው በዜል አትክፈሉ፣ ስንቴ ልናገር!

ብዙ ሰው ደግሞ የገዙትን መመለስ እዚህ መብት ይመስለዋል። አውሮፓ ያሉት ዘመዶቻችሁ ኦንላይን የገዙትን አብዛኛውን ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ያለምክንያት መመለስ ይችላሉ፣ ሕጋቸው ነው፣ እዚህ ግን እንደዛ የሚል የፌዴራል ሕግ የለም፣ ባብዛኛው የሱቁ ፖሊሲ ነው የሚወስነው፣ ሳታነቡ አትግዙ። ዕቃው ካልተላከ ግን ሌላ ነው፦ ሻጩ ቀን ካልነገራችሁ በ30 ቀን ውስጥ መላክ አለበት፣ ካልቻለ ወይ ጠብቁ ወይ ብራችሁን ውሰዱ ማለት ግዴታው ነው።

የሚያድናችሁ ክሬዲት ካርድ ነው። በፈረንጆቹ 1974 በወጣው ሕግ ያዘዛችሁት ካልደረሰ ዲስፒውት ታደርጋላችሁ (ክፍያውን ካርዱን ለሰጣችሁ ባንክ ትቃወማላችሁ)፣ እስኪጣራ ያንን ሂሳብ አትከፍሉም። ደቢት ከሆነ ግን ብሩ ከአካውንታችሁ ወጥቷል፣ እናንተ ናችሁ ለማኝ። ክሬዲት የለኝም የምትሉ ማስያዣ አስገብታችሁ ሴኪዩርድ ካርድ አውጡ፣ ሰበብ አይሆንም።

አሁን እኔን ያቃጠለኝን ስሙኝ። ላፕቶፕ አዘዝኩ፣ ሻጩ ሲያወራ ማር ነው፣ ዛሬ ጉምሩክ ይዞት ነው ይላል፣ በሌላ ጊዜ ትራኪንጉ ተበላሽቶ ነው፣ ይቅርታ የኔ ወንድም በሚቀጥለው ሳምንት በእርግጠኝነት ይደርሳል ይላል፣ እኔም ጨዋ ሰው ነው ብዬ ስጠብቅ ቀኑ አለፈ። ሕጉ የሚሰጣችሁ ክፍያው መጀመሪያ የወጣበት ስቴትመንት (የካርዱ የወር ሂሳብ መግለጫ) ከተላከ በኋላ 60 ቀን ብቻ ነው! ሻጩም የሚያባብላችሁ እሱ እስኪያልፍ ነው። ስለዚህ ይደርሳል የተባለበት ቀን ሲያልፍ ያኔውኑ ዲስፒውት አድርጉ፣ ዕቃው ከመጣ ትሰርዙታላችሁ። ስልክ ደውላችሁ ደግሞ ጨረስኩ አትበሉ፣ ሕጉ የሚጠብቃችሁ በጽሑፍ ስታሳውቁ ነው፣ ደብዳቤው የሚሄደውም ስቴትመንቱ ላይ ለቅሬታ ወደተጻፈው አድራሻ እንጂ ክፍያ ወደምትልኩበት አይደለም (ለምን ሁለት አድራሻ እንደሚያስፈልጋቸው እነሱ ይወቁት)። በሰርቲፋይድ ሜይል ላኩት፣ ደረሰኙን ያዙ፣ ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትንም ስክሪንሾት አንሱ።

ኤፍቲሲ (ሸማቾችን የሚጠብቀው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) ጋር ማመልከት ጥሩ ነው፣ ግን የእናንተን ብር አያስመልስም፣ መረጃ ነው የሚሰበስበው። ለግል ጉዳያችሁ የስቴታችሁ አተርኒ ጄኔራል (ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ) ቢሮ ይሻላል፣ ፎርሙ ኦንላይን አለ፣ ማመልከቱም በነጻ ነው።