አውሮፕላኗን የጣላት ጣቴ አልነበረም

የመጀመሪያዋን የአክሮባት ሞዴል አውሮፕላኔን ለመሥራት አራት ወር ፈጀብኝ። የበረረችው ዘጠኝ ሰከንድ ነው። ዘጠኙንም ሰከንድ ጓደኛዬ በስልኩ ቀርጾታል፤ እስከዛሬ ቡና በተፈላ ቁጥር እያወጣ ሰው ያስቅብኛል።

ያን ቀን ያሳበብኩት በነፋሱ ነው። ቀጥዬ "ጣቴ ገና አልለመደም" አልኩ። ስብርባሪውን ቤት ወስጄ ጠረጴዛ ላይ ስዘረጋው ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ጅራቷ ከብዷል፣ ኤለቬተሯ (አፍንጫዋን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዘው የጅራቷ ተንቀሳቃሽ ክፍል) ላልቷል፣ ሪሞቱ ውስጥ ያስገባሁት ቁጥር ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ሦስቱንም የሠራሁት ገና ከቤት ሳልወጣ ነው። እዚህ ቨርጂኒያ በምናበርርበት ሜዳ አዲስ ሰው አውሮፕላኑን አቅፎ ሲመጣ የማየው ያንኑ የኔን ስህተት ስለሆነ፣ ልጻፈውና ይገላግለኝ ብዬ ነው።

ምሳሌ የማደርጋት አሁን የማበርራትን ነው። ባልሳ ከሚባል ቀላል እንጨትና ከፕላይውድ የተሠራች፣ ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.2 ሜትር፣ ከነባትሪዋ 1.4 ኪሎ። ጎኗ ላይ "ፀሐይ" ብዬ ጽፌባታለሁ፤ በ1935 እ.ኤ.አ. አገራችን ውስጥ ተሠርታ፣ ጣሊያን ወስዷት፣ በ2024 በተመለሰችው አውሮፕላን ስም። የኔዋ ፀሐይ ልዩነቷ ተገልብጣም መብረሯ ነው።

ሙጫ ማብዛት

ሰው እንዳይሰበር ይፈራና ሙጫ ያርከፈክፋል። የሚያርከፈክፈው ደግሞ በብዛት ጅራት ላይ ነው። ጅራት ከሚዛኑ ቦታ 60 ሴንቲ ይርቃል፣ አፍንጫ ግን 20 ብቻ። ስለዚህ ጅራት ላይ ያፈሰሳችሁትን 20 ግራም ኢፖክሲ ሙጫ ለመመለስ አፍንጫ ላይ 60 ግራም እርሳስ ትለጥፋላችሁ። በከንቱ 80 ግራም ተሸከመች ማለት ነው። የወጥ ቤት ሚዛን አጠገባችሁ አድርጉ፣ እያንዳንዱን ነገር ከመለጠፋችሁ በፊት መዝኑ። በቃ።

"ዓይኔ ይበቃኛል" ማለት

አይበቃም። ክርና ማስመሪያ ያስፈልጋል። ከቀኝ ክንፍ ጫፍ እስከ ጅራቱ መጨረሻ በክር ለኩ፣ ከግራውም እንዲሁ። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ሙጫው ሳይደርቅ አስተካክሉ። ከዚያ ሦስት ሜትር ወደ ኋላ ሄዳችሁ ቁጭ በሉና የጅራቱ አግድም ክፍል ከክንፉ ጋር ትይዩ መሆኑን እዩ። ሽፋን ፕላስቲኩን በካውያ ስታሞቁትም ተጠንቀቁ፤ አንዱን ፊት ብቻ ብዙ ካሞቃችሁት ክንፉ እንደ እርጥብ ሳንቃ ይጠመዘዛል፣ የተጠመዘዘ ክንፍ ደግሞ በሪሞት አይቃናም።

እዚሁ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁ። በፕላኑ መሠረት ሞተሩ ትንሽ ወደ ቀኝ ያየዋል፣ 2 ወይም 3 ዲግሪ ያህል። ሆን ተብሎ ነው። ፕሮፔለሩ ሲዞር አውሮፕላኗን ወደ ግራ ስለሚስባት ማካካሻ ነው። አንድ ወዳጃችን "ፋብሪካው ጠማማ አድርጎ ልኮልኛል" ብሎ ብሎኑ ሥር ዋሸር እየከተተ ቀጥ አደረገው። ቀጥ ብላ ሽቅብ በወጣች ቁጥር ወደ ግራ ትንጋደዳለች፣ እሱ ራደሯን (ግራና ቀኝ የሚያዞራትን የጅራቷን ቋሚ ክፍል) ይረግማል። ዋሸሩን ስናወጣው ዳነች።

ሚዛንን በግምት ማስቀመጥ

ይሄ ዋናው ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይሄን ውሰዱ።

የክብደቷ መሃል ከክንፉ የፊት ጠርዝ ወደ ኋላ የት ላይ እንደሚያርፍ ነው ጉዳዩ። ለአክሮባት አውሮፕላን ከክንፉ አማካይ ስፋት ከ25 እስከ 35 በመቶ ባለው መሃል ይሆናል። የኔ ክንፍ አማካይ ስፋቱ 26 ሴንቲ ስለሆነ ከ6.5 እስከ 9 ሴንቲ ነው። ለመጀመሪያ በረራ ወደ ፊት ጠጋ ያለውን ምረጡ። ልብ በሉ፣ ክንፉ ወደ ጫፍ እየጠበበ ስለሚሄድ የሚለካው ከአካሏ ጋር በሚገናኝበት ሰፊው ቦታ አይደለም፣ በአማካዩ ቦታ ነው። ፕላኑ ላይ ምልክት ካለ እሱን ተከተሉ።

ያቺ ዘጠኝ ሰከንድ የበረረችዋ ሚዛኗ ከመጨረሻው ገደብ በ2 ሴንቲ ወደ ኋላ ወጥቶ ነበር። 2 ሴንቲ ምን አላት ትላላችሁ። አፍንጫዋን ቀና ሳደርገው እዚያው አልቆመም፣ ሽቅብ መሄዱን ቀጠለ፤ ስመልሰው ደግሞ ቁልቁል ተደፋ፤ እኔ ሳባርራት እሷ ስትሸሽ መሬት ደረስን። አፍንጫ የከበዳት አውሮፕላን ትደብራለች፣ ፍጥነት ትፈልጋለች፣ ግን ወደ ቤት ትመልሷታላችሁ።

ሚዛን ስታዩ ባትሪው ውስጥ ይሁን፣ ፕሮፔለሩ ይገጠም፣ የሞተር ክዳኑም ይዘጋ። ሰው ባትሪውን ረስቶ ሲመዝን አይቻለሁ። ክንፏ ዝቅ ብሎ የተሠራ ከሆነ ገልብጣችሁ በሁለት ጣት ያዟት፣ ያኔ ረግታ ትቆማለች። እርሳስ ከመለጠፋችሁ በፊት ባትሪውን አንቀሳቅሱ። የኔ ባትሪ 240 ግራም ነው፤ 3 ሴንቲ ወደ ፊት ስገፋው ሚዛኗ 5 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የባትሪውን ማስቀመጫ ረዘም አድርጋችሁ ሥሩት የምለው ለዚህ ነው። የግራና የቀኝ ሚዛንም አለ፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ አፍንጫና ጅራቷን ይዛችሁ አንሷት፣ አንዱ ክንፍ ከወደቀ በቀለለው ጫፍ ላይ ሳንቲም በፕላስተር ለጥፉ።

የሜካኒኩን ጥፋት በሪሞት መሸፈን

ሜዳችን ላይ ድሮ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ቴክኒሽያን የነበሩ አንድ ጋሼ አሉ። አያበርሩም፣ ወንበራቸውን ዘርግተው ያያሉ። ሁለተኛዋን አውሮፕላኔን ይዤ ስመጣ "እስቲ ወዲህ በላት" አሉና ኤለቬተሯን በሁለት ጣት ይዘው ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቁት። ሰርቮው (ኤለቬተሩን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር) ሳይንቀሳቀስ ጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ተጫወተ።

"ይሄ ምንድን ነው አንተ?"

"ትንሽ ላላ ብሎ ነው ጋሼ።"

"የቤትህ በር እንዲህ ቢላላ ንፋሱ ሌሊቱን ሙሉ አያስተኛህም። ይቺ በንፋስ ውስጥ ልትሮጥ ነው።"

እውነታቸውን ነው። የላላ ኤለቬተር በፍጥነት ስትበርሩ መርገብገብ ይጀምራል። ከመሬት ሆናችሁ እንደ ትልቅ ዝንብ ድምፅ ትሰሙታላችሁ፣ ከዚያ በሰከንድ ውስጥ ማጠፊያው ተነቅሎ ይሄዳል። ድምፁን ከሰማችሁ ሞተሩን ወዲያው ቀንሱ፣ አሳርፉ፣ ሳታዩት አታንሷት።

ልቅነቱ ከየት ይመጣል? ሰርቮውንና ኤለቬተሩን የሚያገናኘው ዘንግ የሚሰካበት ቀዳዳ ከሰፋ፣ ዘንጉ ቀጭን ሆኖ ከተለመጠ፣ ሰርቮው ራሱ ካረጀ። ሌላው ምክንያት ግን የቀዳዳ ምርጫ ነው። ሰው ብዙ እንቅስቃሴ ለማግኘት ሰርቮው ክንድ ላይ የሩቁን ቀዳዳ ይመርጣል፣ ከዚያ "በዛ" ብሎ ሪሞቱ ላይ ወደ 40 በመቶ ይቀንሰዋል። እንዲህ ሲሆን ሰርቮው ከአቅሙ ግማሹን እንኳ አይሠራም፣ ጉልበቱም ይቀንሳል፣ ትንሿ ልቅነት ደግሞ ኤለቬተሩ ላይ ደርሳ ትገዝፋለች። ተገላቢጦሹን አድርጉ። ሰርቮው ላይ ቅርቡን ቀዳዳ፣ ኤለቬተሩ ቀንድ (ዘንጉ የሚሰካበት ጉጥ) ላይ ሩቁን፣ ሪሞቱ 100 በመቶ አካባቢ።

መሃሉም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ሪሞቱ ላይ ትሪምና ሰብትሪም (መሃሉን በጥቂቱ የሚያስተካክሉ ቁጥሮች) ዜሮ ይሁኑ፣ ሰርቮው ይብራ፣ ከዚያ ክንዱን ከዘንጉ ጋር 90 ዲግሪ እንዲሠራ አድርጋችሁ ስኩት። ጥርሶቹ ልክ 90 ላይ ካልመጡላችሁ ሌላ ክንድ ሞክሩ። የቀረችውን ጥቂት ብቻ በሰብትሪም ጨርሱ። ይሄን ዘልሎ ሁሉን በሰብትሪም ያቃና ሰው ኤለቬተሩ ወደ ላይ ብዙ፣ ወደ ታች ጥቂት ይሄድበታል፤ አክሮባት አውሮፕላን ደግሞ ሁለቱንም እኩል ትፈልጋለች።

ከሰው ሪሞት ቁጥር መቅዳት

ይሄም የኔው ጉድ ነው። ኤክስፖ የሚባለው የሪሞት ቅንብር የመሪዋን መሃል ያለሰልሳል፣ ጣታችሁ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ አውሮፕላኗ እንዳትደነግጥ። ጓደኛዬን "ስንት ላድርገው?" ስለው "ማይናስ 30" አለኝ፣ አደረግኩት። እሱ የሚይዘው ፉታባ የሚባል ሪሞት ነው፣ እኔ ስፔክትረም። በፉታባ የሚያለሰልሰው ማይናስ ነው፣ በስፔክትረም ግን ፕላስ። ስለዚህ እኔ ያለሰለስኩ መስሎኝ መሃሉን እንደ ምላጭ ሳልኩት። ቁጥሩን ካስገባችሁ በኋላ መሪዋን በዝግታ እያንቀሳቀሳችሁ ኤለቬተሩን እዩት። መሃል ላይ ከበፊቱ ቀርፋፋ ካልሆነ ምልክቱ ተገልብጧል።

ለመጀመሪያ በረራ ብዙ እንቅስቃሴ አትስጧት። ኤለቬተር ወደ 12 ዲግሪ፣ ኤለሮን (የክንፉ የኋላ ጠርዝ ተንቀሳቃሽ ክፍል) 15፣ ራደር 25 ይበቃል፣ ኤክስፖው 25 ወይም 30 በመቶ። በዩቲዩብ የምታዩት በፕሮፔለሩ ተንጠልጥሎ የመቆም ነገር 45 ዲግሪ ያህል ይፈልጋል፣ እሱን በሌላ ስዊች አስቀምጡት። ስዊቹን አሁን አትንኩት፣ እባካችሁ።

አቅጣጫም አለ። ከአውሮፕላኗ ኋላ ቁሙና መሪዋን ወደ ቀኝ ግፉ፤ የቀኙ ኤለሮን ወደ ላይ መነሳት አለበት። ወደ ታች ከሄደ ተገልብጧል። ዓመታት ያበረሩ ሰዎች በዚህ አውሮፕላን ሲያጡ አይቻለሁ፣ ጥገና ሠርተው ሽቦ አቀያይረው።

ኤሌክትሪኩን ማመን

አራት ዲጂታል ሰርቮ አንድ ላይ ሲታገሉ ከ5 አምፒር በላይ ሊስቡ ይችላሉ። የሞተር መቆጣጠሪያው ለሪሲቨሩ (የሪሞቱን ሲግናል ለሚቀበለው ዕቃ) የሚሰጠው 3 አምፒር ብቻ ከሆነ ቮልቴጁ ይወርድና ሪሲቨሩ ጠፍቶ ይነሳል። አየር ላይ። አቅሙን አንብቡ።

ሞተሩንም በዋት ሜትር ለኩ። ለአክሮባት በኪሎ ወደ 350 ዋት አካባቢ ጥሩ ነው፤ የኔዋ 1.4 ኪሎ ስለሆነች 500 ዋት፣ በ14 ቮልት 35 አምፒር ማለት ነው። መቆጣጠሪያው 60 አምፒር የሚችል ስለሆነ አይግልም። ይሄን ስትለኩ ፕሮፔለሩ ፊት ማንም አይቁም፣ ልጅ በተለይ። ሲግናል ሲጠፋ ምን እንደሚሆንም ፕሮፔለሩን ነቅላችሁ ሞክሩ፤ ሞተሩን ግማሽ ላይ አድርጋችሁ ሪሞቱን አጥፉ። ሞተሩ ካልቆመ ቅንብሩ ልክ አይደለም።

ቦታውን አለማሰብ

ዲሲ አካባቢ ለምትኖሩ፦ ከሬገን ኤርፖርት ዙሪያ 15 ማይል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም እዚያ ውስጥ ናቸው፣ ስለዚህ የሰፈር ፓርክ አይሆንም። ከ250 ግራም በላይ ከሆነች ደግሞ ማስመዝገብ አለባችሁ፣ ለሦስት ዓመት 5 ዶላር ነው።

አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ "እኔስ?" ይለኛል። እዚያም መጀመሪያ ፈቃድ ነው፣ ዝም ብሎ ሻንጣ ውስጥ ከትቶ መሄድ አይሆንም። አየሩ ደግሞ ሌላ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ሲሆን ከባሕር ጠረፍ በ20 በመቶ ያህል ይሳሳል። የኤሌክትሪክ ሞተሩ ራሱ አይደክምም፣ ፕሮፔለሩ ግን የሚይዘው አየር ያንሰዋል፣ ክንፏም እንዳትወድቅ በ12 በመቶ ያህል መፍጠን አለባት። ስለዚህ ትንሽ ሰፋ ያለ ፕሮፔለር፣ ቀለል ያለች አውሮፕላን፣ ረዘም ያለ ማረፊያ። ፕሮፔለሩን ከቀየረ በኋላ አምፒሩን እንደገና ይለካ።

በመጀመሪያው በረራ ሁሉን ማረም

ሁለተኛዋን ያበረርኩት ጠዋት ነው፣ ነፋስ ሳይነሳ። ሰዓቱን አምስት ደቂቃ ላይ ሞላሁ። ትሪሟን አስተካከልኩ፣ ሁለት ጊዜ ዞርኩ፣ አረፍኩ፣ የተሰማኝን ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ባትሪው በአንድ ሴል 3.8 ቮልት ነበረው፣ ጥሩ ነው፤ ከ3.7 በታች አርፎ ካገኛችሁት ሰዓቱን አሳጥሩ።

በሦስተኛው በረራ ከፍ ብዬ 45 ዲግሪ ሽቅብ አወጣኋትና ገልብጬ መሪዋን ለቀቅኩ። ሚዛን የሚፈተነው እንዲህ ነው። ተገልብጣ በራሷ ወደ ላይ ከሄደች ጅራቷ ከብዷል፣ ቶሎ ወደ መሬት ከተደፋች አፍንጫዋ፣ ቀስ ብላ ካጎነበሰች ደህና ነች። የኔዋ ትንሽ ፈጠን ብላ ተደፋች።

ጋሼ ከወንበራቸው ሳይነሱ "ባትሪውን ግማሽ ሴንቲ ወደ ኋላ" አሉ።

አሳርፌ ክዳኗን ከፈትኩ።